ምን ሆንሽ አትበሏት
(በደብረ ማርቆስ በአንድ እድር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ጸሐፊያችን «ስለ አእምሮ ጤና ሃያ ደቂቃ ተናገሪ» ሲሉኝ እሺ ያልኩት ከሒሳብ ሪፖርቱ በፊት መስሎኝ ነበር። ሦስቱ ብረት ድስቶች የት ገቡ ስንባባል መሸ። እንግዲህ ከወረቀቴ ግማሹን ዘልዬ የመጣሁበትን ጉዳይ ልንገራችሁ።

በእነዚህ ዓመታት ያለፍንበትን አልዘረዝርም። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ደጁ ላይ ድንኳን ያልተተከለ ጥቂት ነው። የማልዘረዝረው ረስቼው አይደለም። የዛሬው ጉዳዬ ራሱ ስለ ማዘርዘር ነው።

ነርስ ከሆንኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ድርጅት ቅጽ ይዤ ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ ወረድኩ። አርባ ሁለት ጥያቄ ያለበት ቅጽ ነው። ከተላክሁባቸው ሰዎች አንዷ እኩያዬ ናት፤ ልጇን ከቀበረች ገና ዐሥረኛ ቀኗ ነበር። ደጃፏ ላይ ቁርበት አንጥፋ ትፈትላለች። ባዘቶው በግራ እጇ፣ እንዝርቱ በቀኝ። ደግ ፈታይ ናት፣ ክሯ ዓይን ካልሳለ አይታይም። «ግቢ እንጂ፣ ከፀሐዩ ግቢ» ብላ ተነስታ ቆሎ አቀረበችልኝ። እኔ ቆሎውን እንኳ ሳልዘግን ብዕሬን አወጣሁና «ያን ቀን ምን ሆነ? ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አልኳት።

ክሩ ተበጠሰ።

ዝም ብላ ቀጠለችው። «አንቺ የት ነበርሽ?» አልኳት። እንደገና ተበጠሰ። ቀጠለችው። ሦስተኛውን ጥያቄ ስጠይቃት እንዝርቱን ቁርበቱ ላይ አጋደመችውና ነገረችኝ። አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ። እኔን ግን አታይም፣ የጓሮዋን ባሕር ዛፍ ነው የምታየው። እኔ እጽፋለሁ። ሲያልቅ ጣቷን ቀለም ነክሬ አስፈረምኳትና «በርቺ» ብያት ሄድኩ። በርቺ!

ቆይታ ጎረቤቷ ጤና ጣቢያ መጥታ ነገረችኝ። ያቺ ሴት ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ሌሊት ዓይኗን አልከደነችም፣ እንዝርቱንም ሰቅላዋለች። ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች፣ ከእኔ በኋላ ደግሞ አንድ፣ ሌላ ሌላ ቅጽ ይዘው ሄደው ኖሯል። አራታችንም ያንኑ ጠየቅናት። ከአራታችን አንዳችን እንኳ «እንጨትሽ አልቋል ወይ? ውኃ የሚቀዳልሽ አለ ወይ?» አላልናትም!

ድርጅቱን አልጠራም። ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ግን ዛሬ እዚህ ቆሜ የምለው ይኸው ነው፦ የሰው ቁስል የሪፖርት ማሟያ አይደለም! አበል ለማወራረድ ሲባል እናት ልጇን ደግማ አትቅበር! … አመሰግናለሁ፣ ጭብጨባው ይቆየን፤ ቀጥሎ የምወቅሰው እናንተን ነው።

«ተናግራ ይውጣላት» የምትሉ አላችሁ። ለክፋት አይደለም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው አስቀምጦ በአንድ ቁጭታ የሆነውን ሁሉ ማስተረክ በኋላ የሚመጣውን ሕመም ስለማይከላከል አታድርጉት ይላል። ደግሞ በተቃራኒው «ቻይው፣ እንባሽን ዋጪው፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» የምትሉ አላችሁ። ይኼም አፍ መድፈን ነው። ራሷ ስትጀምር እስክትጨርስ ስሟት፣ ካልጀመረች አትጎርጉሯት። ለቅሶ ደራሽ፣ ወሬኛው ሲቀር፣ ይህን ያውቃል። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ምጣድ ያሰማል።

ጥፋታችን ድንኳኑ ሲነሳ ነው። ሦስት ቀን ቤቱ ጢም ይላል። ከዚያ ወንበሩ ይቆጠራል፣ ድስቱ ይቆጠራል፣ እስከ አርባው ሰውዬዋን የሚቆጥራት የለም።

እዚህ ላይ ነው እኛ የምንችለው ነገር ያለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው አንድ የምክር አሰጣጥ አለ። ረዳቱ ሐኪም መሆን የለበትም፤ ሠልጥኖ ባለሙያ የሚከታተለው ሰው ይበቃል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አምስት ሳምንት፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የተጨነቀችውና ረዳቷ አብረው ይቀመጣሉ። የደረሰብሽን ተርኪ የሚል የለበትም። ቀስ ብሎ መተንፈስን ይለማመዳሉ፣ ከችግሮቿ ሊፈታ የሚችለውን አንዱን መርጠው መላ ይፈልጉለታል፣ የተወችውን ሥራ በጥቂት በጥቂቱ ትመልሳለች፣ ከሸሸችው ሰው ጋር መልሳ ትገናኛለች። ያቺን ሴት ዛሬ ባገኛት «በቀን አንድ ባዘቶ ብቻ እንፍተል፣ እኔም አጠገብሽ እቀመጣለሁ» ነበር የምላት።

ዚምባብዌ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም ይህን መሰሉን ሥራ ለአያቶች ሰጡት። አዎ፣ እማማ፣ እንደ እርስዎ ላሉ አያቶች! በሐራሬ ጤና ጣቢያዎች ግቢ አግዳሚ ወንበር አለ፣ አያቲቱ እዚያ ተቀምጣ ታደምጣለች። ሕመሙን በቋንቋቸው «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፣ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እኛስ «በሐሳብ አለቀች» አይደል የምንል?

ሌሊት እየባነናችሁ የምትቸገሩ ደግሞ ይቺን ያዙ። ተነሱና ባዶ እግራችሁን መሬት ላይ ጫን አድርጉ። በአፍንጫ አስገቡ፣ ከገባው ይልቅ የሚወጣው ረዘም ይበል። ከዚያ ቤቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ በስሙ ጥሩት፦ ይህ ምሰሶ ነው፣ ይህ ጋን ነው፣ ያ የልጄ ጋቢ ነው። ያለፈው ሌሊት ሳይሆን የዛሬው መሆኑን አካላችሁ ቀስ እያለ ይረዳዋል። እንዲህ ያለውን በሥዕል የሚያስተምር መጽሐፍ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 አውጥቷል፣ ማንበብ ለማይችልም በድምፅ የሚመራ ልምምድ አለው።

የቀረውን ልሩጥበት። አረቄ ያስተኛል እንጂ አያሳድርም፣ እኩለ ሌሊት ላይ ያነቃል። የጎረቤት የእንቅልፍ ኪኒን አትዋሱ። ጠበሉን ያዙ፣ እኔም እጠመቃለሁ፤ ነገር ግን መድኃኒት የጀመረውን ሰው አታስጥሉት። ቅዠቱ፣ መደንበሩና ከሰው መሸሹ ከወር አልፎ ሥራ ካስፈታ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት። ታሪኩን አንስቶ የሚያክም ሕክምናም አለ፣ ያ ግን የባለሙያ ነው፣ እሱም በታካሚው ፈቃድና ፍጥነት የሚሄድ። «ብሞት ይሻለኛል» ያለን ሰው ደግሞ በግልጽ ጠይቁት፣ ጠየቃችሁት ተብሎ ያላሰበው አይመጣበትም። ብቻውንም አትተዉት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። በእድራችን ደንብ ላይ አንዲት መስመር ትጨመርልኝ፦ ድንኳን ከተነሳ በኋላ ሁለት አባላት ተመድበው አምስት ሳምንት፣ በየሳምንቱ፣ ያንን ቤት ይጎብኙ። ቅጽ አይያዙ። ሲገቡ «ዛሬ ምን ጎደለ?» ይበሉ፣ የጎደለውን ይሙሉ፣ ቁጭ ይበሉ። ማሠልጠኑን እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በነፃ አሠለጥናለሁ፣ ቡናውን እናንተ አምጡ። ያልጎበኘ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣ።

ጋሽ ዳኛ፣ ሰው ሳይበተን እጅ ያስወጡልኝ።