ስሙን ከከተማችን የወሰደው ሬት

ሰላም ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ሬት ነው።

ሬት ስላችሁ ምላሳችሁ ላይ የመጣውን አውቃለሁ። ታናሽ ወንድሜ ጡት አልተው ሲል እናቴ ያስጣለችው ሬት ቀብታ ነው። አንዴ ቀመሰና ፊቱን አጨማዶ አያት። ያንን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለእኔም ሬት ማለት ያ ምሬት ብቻ ነበር። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ሬቱ በየድንጋዩ መሃል ቆሞ በአጠገቡ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ቆም ብዬ ግን አይቼው አላውቅም።

ያሳየችኝ አክስቴ ናት። አንድ ቀን በአንኮበር መንገድ በእግር ወጣ ብለን ነበር። አበባ ያወጣ ሬት አየሁና ፎቶ ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

«እሱ ወንዴው ነው» አለችኝ። «ሴቴዋ ገደል ነው የምትወደው። እዚህ ሜዳ ላይ አታገኛትም፣ ልጄ።»

ወንዴና ሴቴ ስትል የአንድ ተክል ሁለት ፆታ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ለየብቻ የቆሙ ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ወንዴ ሬት መሬት ላይ ተጠጋግቶ፣ ልጆቹን ዙሪያውን ሰብስቦ ይበቅላል። የቅጠሉ ጠርዝ ጥርስ አለው፤ ጣትህን ብታስኬድበት ይይዝሃል። የአበባው ዘንግ ቅርንጫፍ ያወጣል። በየቅርንጫፉ ጫፍ ቀይ አበባ ይታጨቃል። ሴቴ ሬት ደግሞ ከገደል ላይ ቁልቁል ትንጠለጠላለች። ቅጠሏ አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ወደ ሰማያዊ ግራጫ ያደላል።

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሴቴዋ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የሰየሟት የእኛው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሴውና ጊልበርት የሚባል ተመራማሪ ናቸው። አሎ ፑልኬሪማ አሏት። አሎ የሬቶች ሁሉ የወል ሳይንሳዊ ስም ነው፤ ፑልኬሪማ ደግሞ በላቲን እጅግ ቆንጆ ማለት ነው። አክስቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ ሴት ናት አላልኩህም?» አለችኝ።

የወንዴው ግን ይበልጥ ልቤን ነካኝ። እ.ኤ.አ. በ1947 አሎ ደብራና ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1957 ሌላ ሰው አሎ ብርሃና ብሎ ሰየመው። ኋላ ላይ ሁለቱ አንድ ተክል መሆናቸው ታወቀ። በዕፅዋት አሰያየም ቀድሞ የወጣ ስም ስለሚጸና ደብራና ቀረ። አያችሁት? አንዱ ደብረን ወሰደ፣ አንዱ ብርሃንን ወሰደ። የእኛ ከተማ ስም ለሁለት ተከፍሎ ለአንድ ሬት ተሰጠ። ከኢትዮጵያ ውጭ ደግሞ በዱር አይገኝም። እኔ ግን በከተማዬ ትምህርት ቤት ስማር ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሬትን መለየት ለባለሙያም ቀላል አይደለም። ሌላ ተክል በጋዜጣ መሃል ተጭኖ ይደርቃል፣ ከደረቀም በኋላ መልኩን ያሳያል። ሬት ውሃ ያዘለ ነው። ሲጫን ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ስለዚህ የቅጠሉን ቀለም፣ ጥርሱን፣ አቋቋሙን፣ የበቀለበትን ቦታ እዚያው ቆሞ መጻፍ ያስፈልጋል። አክስቴ ደብተር የላትም። የምታየው ግን እነዚህኑ ነው።

አሁን አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ያን ቀን አንዱን ነቅዬ አዲስ አበባ ወሰድኩት። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በማሰሮ ተከልኩት። የወደድኩት መስሎኝ በየቀኑ ውሃ አጠጣሁት። በሁለት ወር ከሥሩ በሰበሰ። ሲሸተኝ ነው ያወቅሁት። አለት ላይ ደርቆ መኖር የለመደን ተክል ውሃ ገደለው። በጣም አዘንኩ፤ ዛሬም ሳወራው ያንገበግበኛል።

እኔ የነቀልኩት አንድ ነው። ስመላለስ የማየው ግን ከዚያ ይበልጣል። ድንጋይ ሲወጣ አብሮ ይገለበጣል። ከተማው እየሰፋ ነው። ሬት የነበረበት ዳገት ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ገበሬውን አልወቅስም፤ ባሕር ዛፍ ገንዘብ ነው። ቢሆንም የአጥሩን ዳር ለሬቱ መተው ይቻላል። ቤት የሚሠራም ሰው ቦታውን ከማስጠረጉ በፊት ሥሩን ሳይጎዳ አንስቶ ካቡ ላይ ቢያሰፍረው ይይዛል። ለሽያጭ መንቀል ግን ይቅር። ከተለመደው አሎ ቬራ በስተቀር የሬት ዝርያዎች በሙሉ ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገሩ የሚከለክል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። እኔም ፎቶ ስለጥፍ ትክክለኛ ቦታውን አልጽፍም።

ባለፈው አክስቴ ጋ ሄጄ ነበር። ለአዲስ ቤት መሠረት ሲቆፈር ከተጣለ አፈር ውስጥ አንድ ሬት አንስታ ካቧ ላይ ተክላዋለች። ውሃ አላጠጣችውም። ከጎኑ ሁለት ልጅ አውጥቷል። ጎንበስ ብዬ ጥርሱን በጣቴ ነካሁት። ያዘኝ።