የሆንግ ሳንግሱን ጸጥተኛ ፊልሞች እንዴት እንመልከት?

[ምስል፦ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው አረንጓዴ ጠርሙሶች አሉ። ካሜራው አይንቀሳቀስም።]

ተራኪ፦ የደቡብ ኮሪያውን ዳይሬክተር የሆንግ ሳንግሱን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመለከት ሰው፣ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ «እስካሁን ምን ተፈጠረ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሰዎች ይገናኛሉ፣ ይበላሉ፣ ሶጁ የተባለውን የኮሪያ መጠጥ ይጠጣሉ፣ ያወራሉ፣ ይለያያሉ። በኮሪያ ተከታታይ ድራማዎች የለመድነው፣ እንባ በመጣ ቁጥር አብሮ ከፍ የሚለው ሙዚቃ እዚህ የለም። በእነዚህ ፊልሞች ታሪኩ የሚገኘው በጥቃቅን ልዩነቶች ውስጥ ነው፤ ልዩነቶቹን እያስተያየ ፍርድ የመስጠቱ ሥራም ለተመልካቹ የተተወ ነው።

ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው «አሁን ልክ፣ ያኔ ስህተት» ከተባለው ፊልም የተሻለ ማሳያ አላውቅም። አንድ የፊልም ዳይሬክተር ሥራውን ለማሳየት ወደ ሱዎን ከተማ ይሄዳል። አንድ ቀን ቀድሞ በመድረሱ ጊዜ ለማሳለፍ ወደ ጥንታዊው ቤተ መንግሥት ጎራ ሲል፣ ሂጆንግ የተባለች ወጣት ሠዓሊ የሙዝ ወተት ስትጠጣ ያገኛታል። ሥዕሏን ያያል፤ ማታ ሱሺ ቤት ገብተው ይጠጣሉ፤ ከዚያም ወደ ወዳጆቿ ዘንድ ይሄዳሉ። ፊልሙ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ርዕሱ እንደገና ይጻፍና ያው ቀን ከመጀመሪያው ይጀምራል። በመክፈቻው ላይ ርዕሱ ተገልብጦ «ያኔ ልክ፣ አሁን ስህተት» ተብሎ እንደነበር የሚያስተውለው ንቁ ተመልካች ብቻ ነው።

[ምስል፦ የሠዓሊዋ ክፍል። ሁለቱ ትዕይንቶች ጎን ለጎን።]

በመጀመሪያው ዙር ሰውየው ሥዕሏን አይቶ የሙገሳ ቃል ያዥጎደጉድላታል። ማታ ግን እነዚያው ቃላት ስለ ራሱ ፊልሞች በሰጠው ቃለ መጠይቅ ላይ የተናገራቸው መሆናቸው ይነሣል፤ ባለትዳር መሆኑንም የምትሰማው ከሌሎች አፍ ነው። በሁለተኛው ዙር ሥዕሏን ፊት ለፊት ይተቻል፣ እሷም ትቆጣለች፤ ባለትዳርነቱን ግን እያለቀሰ ራሱ ይነግራታል። ይሁንና ሆንግ የሁለተኛውን ዙር ሰው ንጹሕ አድርጎ አያቀርብልንም፤ ያው ሐቀኛ ሰው ሰክሮ በወዳጆቿ ፊት ልብሱን ያወልቃል። ሐቀኝነቱ ጨዋ አላደረገውም፤ ሂጆንግ ግን በሁለተኛው ዙር የተሻለ ነገር ይዛ ትመለሳለች። ለእኔ የፊልሙ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በስዊዘርላንዱ የሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫል ዋናውን የወርቅ ነብር ሽልማት አግኝቷል።

ስለ ካሜራው አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራው አንድ ቦታ ተተክሎ፣ ንግግሩ ሳይቆራረጥ ለብዙ ደቂቃዎች ይቆያል፤ ከዚያ ድንገት ዙም አድርጎ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው «የሸሸችው ሴት» ውስጥ አንድ አዲስ ጎረቤት በር ደርሶ፣ ሚስቱ ድመት ስለምትፈራ የመንደሩን ድመቶች መመገብ እንዲያቆሙ በቤቱ የሚኖሩትን ሴቶች ይለምናል። ሰውየውን የምናየው ከጀርባው ነው። ሁለቱም ወገኖች ከትሕትና ሳይወጡ አንዳቸውም ቅንጣት አይለቁም። ክርክሩ ሲያበቃ ሌንሱ ሰዎቹን ትቶ ወደ አንዲት ድመት ይጠጋል። ያለ አንዲት ስድብ የተካሄደ ጠብ እንዲህ ጠርቶ የታየበት ሌላ ትዕይንት ማግኘት ይከብዳል።

ይህ ቀላልነት ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በሴኡል የተወለደውና በአሜሪካም የተማረው ሆንግ፣ የመጀመሪያ ፊልሙን በ1996 ካወጣ ወዲህ ከ30 በላይ ፊልሞችን ሠርቷል። የዕለቱን ንግግር የሚጽፈው በቀረጻው ቀን ማለዳ ነው፤ ተዋንያኑም ቃላቱን ገና ትኩስ ሳሉ አጥንተው ይናገራሉ። ጥቂት ባልደረቦች ብቻ ይዞ ስለሚሠራ ገንዘብ አውጪ የሚያዘው ነገር የለም፤ በቅርብ ዓመታት ካሜራውን፣ ኤዲቲንጉንና ሙዚቃውን ጭምር ራሱ ይዟል። በማለዳ የሚጻፍ ድርሰት የተዝረከረከ ይሆናል ብሎ የሚገምት ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ድርሰት ሽልማት የተሰጠው ለዚሁ ሰው መሆኑን ያስታውስ።

ፊልሞቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው። ነገር ግን መመሳሰላቸው ነው አንዲት የተለየች ቃል ጎልታ እንድትሰማ የሚያደርገው።

[ምስል፦ አንዲት ሴት በወዳጇ ቤት ተቀምጣ ታወራለች።]

ለጀማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውንና አብዛኛው ምስሉ ሆን ተብሎ የደበዘዘውን «ውኃ ውስጥ» የተባለውን ፊልም ለኋላ ማቆየት ይሻላል። በ77 ደቂቃ በሚያልቀው «የሸሸችው ሴት» ጀምሩ። ኪም ሚንሂ የምትጫወታት ጋምሂ ሦስት ሴቶችን በየተራ ታገኛለች፤ በአምስት ዓመት የትዳር ዘመኗ ከባሏ አንድም ቀን ተለይታ እንደማታውቅም ለእያንዳንዳቸው ትናገራለች። ይህን በተናገረች ቁጥር ፊቷን ተመልከቱ፤ በሦስተኛው ጊዜ እናንተ ራሳችሁ ታምኗት እንደሆነም ልብ በሉ።