ኮልድ ብሩ ወይስ አይስ ኮፊ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሸዋ ሮቢት የደወሉ እናት፦ ልጆቼ ኮልድ ብሩ እንሥራ ይሉኛል። የፈላ ቡና በረዶ ላይ ከማፍሰስ በምን ይለያል?

እናቴ፣ አይስ ኮፊ በሙቅ ውሃ ተፈልቶ በበረዶ የሚቀዘቅዝ ነው። በደቂቃዎች ይደርሳል። ኮልድ ብሩ ግን እሳት አያየውም፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል። ቀዝቃዛ ውሃ የቡናውን ምሬትና ኩምጣጤ እንደ ሙቁ አያወጣም። ስለዚህ ይለሰልሳል፤ መዓዛው ግን ይቀንሳል።

ለ1 ሊትር ውሃ 100 ግራም ቡና ይበቃል። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ቡናውን ሲወቅጡት እንደ ጀበና ቡና አያድቅቁት፤ እንደ ቅንጬ ሸካራ ሲሆን እጅዎን ይሰብስቡ። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ጠረጴዛ ላይ እንዳያድር፤ ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡት። መብራት ሄዶ ብዙ ሰዓት ከቆየ ይድፉትና እንደ አዲስ ይጀምሩ።

ሲያጠሉት መጀመሪያ በወንፊት፣ ከዚያ በታጠበ ነጭ ጨርቅ ያድርጉት። መጨረሻ ላይ ጠብታው ሲቀጥን ጨርቁን ጭመቂው ጭመቂው ያሰኛል። አይጭመቁት! ደቃቁ ዱቄት አብሮ ወርዶ ያደፈርሰዋል።

ከደብረ ብርሃን የደወለ ወጣት፦ እስከ ነገ የምጠብቅበት ትዕግሥት የለኝም። የጀበና ቡና በረዶ ላይ ብገለብጥ ይሆናል?

ይሆናል፤ ግን አቦሉን ብቻ። ቶናና በረካ ቀድሞውኑ ቀጥነዋል፤ በረዶው ሲቀልጥ ጭራሽ ውሃ ይሆናሉ። ጀበናው ሳይረጋም አትቅዳ።

የወረቀት ማጣሪያ ካለህ ደግሞ ከዚህ የሚጣፍጥ መንገድ አለ። 200 ግራም በረዶ ከታች አስቀምጥ። ማጣሪያው ላይ 30 ግራም ቡና አድርግና 300 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ቀስ እያልክ አፍስስበት። ቡናው በቀጥታ በረዶው ላይ ይንጠባጠባል። ሙቁ ውሃ መዓዛውን ያወጣል፣ በረዶው ወዲያው ያቀዘቅዘዋል። የፈላ ውሃ ትንሽ ይብረድ የሚለው ምክር አንተን አይመለከትም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እንደፈላ አፍስሰው።

ከአጣዬ የደወሉ አባት፦ ቡና ጨጓራዬን ያቃጥለኛል። ኮልድ ብሩ አሲድ የለውም ሲሉ ሰማሁ።

የለውም የሚለው ልክ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት የኢትዮጵያን ጨምሮ የተለያዩ አገሮችን ቡናዎች በሙቅም በቀዝቃዛም አፍልቶና ዘፍዝፎ ለክቷል። ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ሁሉም ከ4.85 እስከ 5.13 ውስጥ ወደቁ። እርግጥ በሙቅ የተፈላው ጠቅላላ የአሲድ ክምችቱ ከፍ ይላል። ቢሆንም ምላስ ላይ መለስለሱ ሌላ፣ ጨጓራ ሌላ። ካፌይኑም አብሮ አለ፤ ወፍራሙን ሳያቀጥኑ መጠጣት ለርስዎ አይመከርም። ሕመሙ የሚመላለስ ከሆነ ሐኪም ይይዎት።

ከዓለም ከተማ፦ ስኳሩ አልሟሟ አለኝ፣ ሥር ይዘቅጣል።

ስኳርና ውሃ እኩል አድርገሽ አሙቂና ሲሟሟ አቀዝቅዢው። ከዚያ በማንኪያ መጨመር ነው።

ከደብረ ሲና፦ የትኛው ቡና ለየትኛው ይሻላል?

የታጠበ ይርጋጨፌን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማሳደር ያሳዝነኛል። የአበባ የመሰለ መዓዛው ነው ውበቱ፤ እሱ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። በሙቅ አፍልታችሁ በረዶ ላይ አድርጉት። በጀንፈሉ የደረቀ የሐረር ቡና ካገኛችሁ ግን ለኮልድ ብሩ ይሁን፤ ፍሬ ፍሬ የሚለው ጣዕሙ በቀዝቃዛም ይወጣል። ሁለቱንም ሲቆሉ እስኪከስሉ አትጠብቁ።

የተጠለለ ኮልድ ብሩ በንጹህ ጠርሙስ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል። ስትጠጡት ግማሹን ቡና፣ ግማሹን ውሃ ወይም ወተት አድርጉት። አይስ ኮፊ ግን እዚያው ተሠርቶ እዚያው የሚጠጣ ነው።