እጠብቃታለሁ ያለው ልጅ

እንደምን ሰነበታችሁ። እዚህ ሲጮህ የምትሰሙት ዶሮ ደህና ነው፤ ስለ እሱ የጻፋችሁልኝን ሁሉ አንብቤአለሁ። ዛሬ ደሴን ጭጋግ ውጧታል፣ ጦሳ ተራራ ከነጭራሹ አይታይም፣ ለዚያ ይሆናል እስካሁን ያልጮኸው።

እኔን ለአንድ ልጅ ሊጠይቁ ቤታችን ስለመጡት ሽማግሌዎች ነው የማወራው። ባለፈው ክፍል መልሱ እንደተሰጠ ነግሬአችሁ አልፌ ነበር፤ ብዙዎቻችሁም «እሰይ» ብላችሁኛል። እኔ ግን እሰይ ማለት አቅቶኛል።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ነው። በመጀመሪያው አባዬ እንደ ደንቡ «ዘመድ ላማክር» ብሎ ሸኝቷቸዋል። በሁለተኛው ሦስቱም መጡ፤ ሼሁ፣ የልጁ አጎትና ጎረቤታችን ቄሱ። ከወሎ ውጭ ያላችሁ በዚህ ትገረሙ ይሆናል፤ እዚህ ለኒካሕ ጉዳይ ቄስ ለሽምግልና ሲቀመጥ ማየት ብርቅ አይደለም። ከሦስቱም የፈራሁት እሳቸውን ነበር። ልጅ ሆኜ ከሰኞ ገበያ ሲመለሱ ሸንኮራ ሰብረው የሚሰጡኝ ሰው ናቸው። ለሚወድህ ሰው እንቢ ማለት ይከብዳል።

ቡናውን ያፈላሁት እኔ ነኝ። እማዬ ሆን ብላ ነው ያስቀመጠችኝ። አቦሉ ተጠጣ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ሐረጎ ላይ ስለተገለበጠው መኪና ተወራ። ቶናውን ልቀዳ ጀበናውን ሳነሳ ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ለመልሱ ነው የመጣነው» አሉ። አባዬ ምንም ሳይናገር ወደ እኔ ዞረ። በእኛ ቤት እንዲህ ተደርጎ አያውቅም፤ የሚመልሰው አባት ነው። እጄ ላይ ጀበናው አለ፣ የመጀመሪያው ሲኒ ግማሽ ደርሷል፣ ከአፉ ላይ ውታፉ ሸሽቶ አተላው አብሮ እየወረደ ነው። ያንን አተላ እያየሁ «በመስከረም አዲስ አበባ፣ ኮሜርስ እገባለሁ፤ የሒሳብና ፋይናንስ ማስተርስ ነው። አሁን አላገባም» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ሊሉኝ የሚችሉትን ሁሉ አስቤ ጨርሼ ነበር። «ዕድሜሽ እየሄደ ነው» ቢሉኝ መልስ አለኝ። «ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደጅሽ ላይ እያለ 400 ኪሎ ሜትር ምን ያስኬድሻል» ቢሉኝም አለኝ። ቄሱ ግን ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መልሰው፣ እንደ ሸንኮራው ጊዜ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ልጁ ይህን ሰምቷል እኮ፣ ልጄ። ‹ሁለት ዓመት ከሆነ እጠብቃታለሁ› ብሎናል። ኒካሑ ይታሰር፣ ሰርጉ ይቆይ፣ አንቺም ሂጂ ተማሪ» አሉ።

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። እንቅልፍ የምትነሳኝ ያቺ ቅጽበት ናት። እማዬ ቀና አለች፤ ፊቷ በራ። ከ2014 ወዲህ እንዲያ ሲበራ አይቼው አላውቅም።

የእማዬን ሱቅ ነገር ታውቁታላችሁ። ያን ዓመት ጥቅምት ላይ ከተማዋ በጦርነቱ ስትያዝ ወጥተን፣ ከኅዳር መጨረሻ በኋላ ስንመለስ ሱቁ ውስጥ የቀረው መደርደሪያው ብቻ ነበር። በርበሬው የለም፣ ኮረሪማው የለም፣ የዱቤ ደብተሩም የለም። እማዬ ግን ማን ምን ያህል እንዳለበት በቃሏ ታውቀዋለች። እሷ ብቻም አይደለችም፤ ባለዕዳዎቹ ራሳቸው እየመጡ ከፈሉ። ከኩታበር የምትመጣ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ መጥታ የሁለት ኪሎ በርበሬ ገንዘብ ከመቀነቷ ፈትታ ቆጠረችላት። ደብተር የለም፣ ፊርማ የለም። ይህን የመሰለ መተማመን ያላት ነጋዴ ባንክ ስትሄድ የተጠየቀችው የቤት ካርታ ነው። ካርታው በአባዬ ስም ነው፤ ቤቱን ለማስያዝ ደግሞ አባዬ ፈራ፣ አልፈርድበትም። ያኔ እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ አጠገቧ ቆሜአለሁ፤ የምላት ግን አልነበረኝም። በ2011 የወጣ የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጅ እንዳለ፣ የሱቅ ዕቃም ከሰው የሚሰበሰብ ዱቤም ለብድር መያዣ ሊሆን እንደሚችል ያነበብኩት በኋላ ነው። ብድር ክፍሉ ውስጥ ስለዚህ ያነሳልን ሰው አልነበረም። በዚያ ጠረጴዛ ወዲያኛው በኩል የሚወሰነው እንዴት ነው? ምን ተመዝኖ ነው? ኮሜርስ የምሄደው ይህን ላውቅ ነው። የእማዬ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ሒሳብ ባንክ የሚያነበው ወረቀት ላይ እንዲሰፍር እፈልጋለሁ። እሷ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ነው የተዳረችው፤ ያንን ሁሉ ቁጥር ማን አስተማራት?

ስለ መዳር ካነሳሁ፣ እቴጌ መነንን ሰሞኑን ደጋግሜ አስባቸዋለሁ። የእኛው የአምባሰል ልጅ ናቸው፤ እኔ የተማርኩበት ወይዘሮ ስኂንም በእናታቸው ስም የተጠራ ነው። በ1903 ደጃዝማች ተፈሪን ከማግባታቸው በፊት ገና በልጅነታቸው ተድረዋል፤ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ። በኋላ አዲስ አበባ ላይ ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሁለቱን ነገር በራሳቸው ልብ ውስጥ አገናኝተውት ይሆን? አላውቅም፤ እኔ ግን አገናኘዋለሁ።

ወደ ቡናው ልመለስ። «አልችልም» አልኩ። ሼሁ «ምነው?» አሉ፤ ቁጣ የለባቸውም፣ በእውነት ለመረዳት ነው የጠየቁት። «የሚጠብቀኝ ሰው ካለ ዱቤ ነው የሚሆንብኝ። እየተማርኩ ሁሉ ዕዳዬን ነው የምቆጥረው» አልኩ። እማዬ አቀርቅራ ነበር። ሼሁ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው «አላህ ያግራልሽ» አሉና ተነሡ። በረካው ሳይጠጣ ሄዱ።

በረካ ሳይጠጡ።

ማንም አላስገደደኝም፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። የክልላችን የ1995 የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ካልሞላና ፈቃድ ከሌለ ጋብቻ የለም ይላል፤ እኔ 18 ዓመት ካለፈኝ ቆይቷል፣ ፈቃዴንም ተጠይቄአለሁ፣ ያውም ሲኒ እየቀዳሁ በአክብሮት። ሕግ የሚከለክለው ማስገደድን ነው። በደግነት የመጣብሽን ሰው ምን ትዪዋለሽ? ቢጮኹብኝ ኖሮ ዛሬ ልቤ ሞልቶ ነበር የማወራችሁ። አንዳንድ ቀን የልጁ ቃል ከልቡ እንደሆነ አምናለሁ፤ በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ቡና ጠጥቶ የሚመለስ፣ «ፈተናው እንዴት ነበር» የሚል ሰው ይታየኛል። በማግስቱ ደግሞ ኒካሕ ከታሰረ በኋላ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም፣ ሚስቱ ነሽ፣ አማቾች አሉሽ፣ የሚታመም ሰው አለ፣ የሚደርስ ሰርግ አለ፣ «ይህን መንፈቅ አቋርጪው» የሚልሽ አለ እላለሁ። የቱ እውነት እንደሆነ ሳላይ ነው የመለስኩት። ሁለቱንም ሳያዩ መመለስ… እንጃ፣ ሌላስ ምን ዓይነት መልስ አለ?

እማዬ አልተቆጣችም። ማታ ሲኒ እያጠበች «ደግ ልጅ ነበር» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጨመርኩም። ለኮሜርስ መመዝገቢያ ብላ ከእቁቧ ያወጣችውን ገንዘብ በማግስቱ ጠዋት ሰጥታኛለች፤ ያኔም ስለ ልጁ አላነሳንም።

ሰንጋ ተራ አካባቢ ለሴት ልጅ የሚሆን አንድ ክፍል የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ኪራዩን አብራችሁ ንገሩኝ። ከሩቅ ቢሆንም ታክሲ ካለው ችግር የለብኝም። አዎ፣ ሌላም አለ፤ ማክሰኞ አክስቴ ከሐይቅ ትመጣለች። ልጁን ከእኛ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት፣ እናቱም ጓደኛዋ ናት፤ «ምን አጥፍቶ ነው?» ማለቷ አይቀርም። ምንም አላጠፋም። እሱን ነው እንግዲህ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት…