«መጥቻለሁ» የሚል ሰው ፐርፌክትን ያውቃል

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ የምወዳችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ?

እዚህ ደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪን እንደ ፐርፌክት፣ ማለትም «ሃቭ»፣ «ሃዝ» ወይም «ሃድ» ከፊቱ እንደሚገባበት የእንግሊዝኛ ግስ ቅርጽ፣ የሚያስጨንቅ ርዕስ አላየሁም። እኔንም አስጨንቆኛል። 9ኛ ክፍል ሳለሁ «ትናንት አይቼዋለሁ» ለማለት «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ በቀይ እስክርቢቶ ሰርዞ መለሰልኝ፤ ምክንያቱን ግን አልነገረኝም። ሃቭ አለ፣ ሲን አለ፣ ታዲያ ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው? ይህ ጥያቄ ለዓመታት አብሮኝ ኖረ።

መንገዱን የከፈቱልኝ ዋሸራ ቅኔ የተማሩት አጎቴ ናቸው። አንድ ማታ «ቦዝ አንቀጽ ለምን ቦዝ ተባለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ብቻውን አያስርማ! ‹መጥቼ› ብለህ ዝም ብትል ሰሚው አፍ አፍህን እያየ ይጠብቅሃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። «መጥቼ» ላይ «አለሁ» ሲጨመርበት ነው «መጥቻለሁ» ሆኖ የሚታሰረው።

ልጆቼ፣ የእንግሊዝኛው «ጎን»፣ «ሲን»፣ «ኢትን» እንደዚሁ ቦዝ ናቸው ብላችሁ ያዙልኝ። «ሂ ጎን» ብላችሁ ስትጽፉ «እሱ ሄዶ» ብላችሁ ዝም እንዳላችሁ ቁጠሩት። ማሰሪያው «ሃዝ» ነው፤ «ሂ ሃዝ ጎን»፣ ሄዷል።

አሁን ወደ መናኸሪያ እንሂድ። የባሕር ዳሩን አውቶቡስ ለመያዝ እየሮጣችሁ ደረሳችሁ። «ስደርስ አውቶቡሱ ሄደ» ካላችሁ ጭራውን አይታችኋል፤ እንግሊዝኛው «ሌፍት» ይላል። «ስደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር» ካላችሁ ግን የጠበቃችሁ ባዶ ቦታ ነው፤ «ሃድ ሌፍት» የሚባለው ይህ ነው። ፓስት ፐርፌክት ከሁለት ያለፉ ነገሮች የቀደመውን ያሳያል። «ነበር» የሚሠራውን ሥራ እዚህ ላይ «ሃድ» ይሠራዋል። ይህን ልዩነት ከእናታችሁ ጓዳ ይዛችሁት የመጣችሁት ነው፤ ማንም አዲስ አያስተምራችሁም።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩበትን ግን ነቅታችሁ ያዙ። አማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ብንል አይቆጣንም። እንግሊዝኛ ግን ፕሬዘንት ፐርፌክትን፣ ማለትም «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ያለበትን፣ ከዛሬ ጋር አስሮ ነው የሚይዘው፤ ትናንት፣ አምና፣ «የዛሬ 2 ዓመት» የሚል ያለቀ ጊዜ ከገባ ሃቭን አያስጠጋም፣ «አይ ሶው ሂም የስተርዴይ» በሉ ይላል። የቀዩ እስክርቢቶ ምክንያት ይህ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ቢነገረኝ ኖሮ ስንት ዓመት ባተረፍኩ! መምህራን፣ እባካችሁ ስትሰርዙ ምክንያቱን አጠገቡ ጻፉለት።

ሁለተኛው መለያያ አሉታው ነው። «በላሁ» እና «በልቻለሁ» ሁለት ናቸው፤ ሲፈርሱ ግን ሁለቱም «አልበላሁም» ይሆናሉ። ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛ ከመሻገራችሁ በፊት «ገና» የሚለውን አስገቡና ሞክሩት። «ገና አልበላሁም» ካስኬደ «ሃቭንት ኢትን» ነው፤ «ትናንት ማታ አልበላሁም» ከሆነ «ዲድንት ኢት»።

«ጮቄ ተራራ ወጥተህ ታውቃለህ?» ስንል ደግሞ መውጣቱ መቼ እንደሆነ አልጠየቅንም፤ በዕድሜው ደርሶበት እንደሆነ ነው። እንግሊዝኛው «ሃቭ ዩ ኤቨር ክላይምድ» ይላል። «ታውቃለህ» ስለሚል «ኖው» ብላችሁ እንዳትተረጉሙ። እንዲሁም «እዚህ መኖር ከጀመርኩ 6 ዓመቴ ነው» የሚለው «ነው» ላይ ቢያልቅም፣ እንግሊዝኛው «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ሲክስ ይርስ» ነው፤ ኑሮው ዛሬም ቀጥሏልና።

ክረምቱን በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ አዳራሽ እገኛለሁ። በዚያ ሳምንት ቤታችሁ ውስጥ በጆሯችሁ የሰማችሁትን አንዳንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ፤ «ላሟ ወልዳለች» ቢሆን፣ «ዝናቡ ሳይመጣ አጭደን ነበር» ቢሆን። ከዚያ አብረን እናሻግረዋለን።

አመሰግናለሁ።