ከ32 ቢት በ2 የሚያልፈው ቁጥር

ዳዊት፦ የዛሬው እንግዳችን ቁጥር ነው። 4294967297።

ሄለን፦ የሰው ስልክ እንዳይሆን ብቻ።

ዳዊት፦ (ሳቅ) 32 ሁለቶችን አባዢና 1 ጨምሪ፣ እሱ ነው።

ሄለን፦ ቆይ፣ ኮምፒውተር በ32 ቢት፣ ማለት በ32 የ0 ወይም የ1 ቦታዎች፣ የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 4294967295 አይደል?

ዳዊት፦ አዎ፣ የኛው በ2 ይበልጠዋል። ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፒየር ደ ፌርማ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር፣ እንጀራው ሕግ፣ ልቡ ግን ሒሳብ ላይ። 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537 ብሎ ደረደረ። ከአንዱ 1 ቀንሰሽ በራሱ አባዢው፣ 1 መልሺበት፣ ቀጣዩ ይመጣል። አምስቱም ፕራይም ናቸው፣ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። የሚቀጥሉትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው ብሎ አመነ።

ሄለን፦ አምስት አይቶ?

ዳዊት፦ ማረጋገጫ እንደሌለው ራሱ ጽፏል፣ አንፍረድበት። ስድስተኛው የኛ ቁጥር ነው። በ1732 ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር መጣና አፈረሰው፤ 641 ሲባዛ በ6700417።

ሄለን፦ 641 እኮ 116ኛው ፕራይም ነው። ከ2 ጀምሬ አንድ በአንድ ላካፍል ነው?

ዳዊት፦ ኧረ አትልፊ! የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል፣ ይሄን ኦይለር ኋላ ላይ አረጋግጦታል። ስለዚህ የምትሞክሪው 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ብቻ ነው።

ሄለን፦ 257 ከፌርማ አምስቱ አንዱ አልነበረም?

ዳዊት፦ ጎበዝ! እሱም ይወጣል። አምስቱን እርስ በርስ ስታባዣቸው ስንት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? 4294967295።

ሄለን፦ አትለኝም! የ32 ቢቱ?

ዳዊት፦ ራሱ። 257 ያንንም የኛንም ቢያካፍል ልዩነታቸውንም ማካፈል ነበረበት፣ ልዩነታቸው ደግሞ 2 ነው። አለቀ። 193 እምቢ፣ 449 እምቢ፣ 577 እምቢ፣ አራተኛው ሙከራሽ 641።

ሄለን፦ ፌርማ አሳዘነኝ። አራት ማካፈል ብቻ ቀርቶት።

ዳዊት፦ እኔ የምወደው ግን ምንም ሳታካፍዪ የሚታየውን ነው። ለ641 ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ እንይ። 640 ከ641 በ1 ያንሳል፣ ስለዚህ እንደ ‑1 ቁጠሪው። አራት 640ዎችን እርስ በርስ ብታባዢ ቀሪው 1 ነው። 640 ግን 5 ሲባዛ በ128 ስለሆነ፣ ያ ብዜት 625 ሲባዛ በ28 ሁለቶች ማለት ነው። 625 ደግሞ ከ641 በ16 ስለሚያንስ እንደ ‑16 ነው፣ 16 ማለት አራት ሁለቶች። 28 እና 4፣ 32! የ32ቱ ሁለቶች ብዜት እንደ ‑1 ሆነ፣ 1 ስትጨምሪበት ዜሮ።

ሄለን፦ ... ድገምልኝ፣ ቀስ ብለህ። ለመሆኑ ከዚያ ወዲህ በፌርማ ድርድር ውስጥ ከአምስቱ ሌላ ፕራይም አልተገኘም?

ዳዊት፦ እስከ ዛሬ አንድም። ቀጣዩ 18446744073709551617 ነው፣ እሱም ለ274177 ይካፈላል።

ሄለን፦ እሱን አምኜሃለሁ፣ አላካፍልም።