አራተኛ ፎቅ

ላወራችሁ ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ ያቺ ደረጃ አላስቀምጥ አለችኝ።

ምሽት ሦስት ሰዓት ገደማ። የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ ሥራዬ አምቡላንስ ላይ ነው። ማዕዱ ቀርቧል፣ ኢንሱሊኔን ተወግቻለሁ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ልጠቀልል ስል የአምቡላንስ ጥሪ መጣ። ኢንሱሊን አንዴ ከቆዳ ሥር ከገባ ምግቡ ቀረ ብሎ አይጠብቅም፤ ስኳሬን ያወርደዋል። አውቃለሁ። እያወቅኩ «ቶሎ እንመለሳለን» ብዬ ተነሣሁ።

ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ቃሬዛው በደረጃው መታጠፊያ አልዞር ስላለ የተጠራንላቸውን እናት የቤታቸው ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። የሥራ ባልደረባዬ ጋሼ ከላይ፣ እኔ ከታች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከንፈሬ ደነዘዘ። ሁለተኛው ላይ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ላቤ አንገቴ ላይ ቀዘቀዘ። ስኳሬ ሲወርድ የምልሰው ማር በግራ ኪሴ አለ። እጆቼ ግን የወንበሩን እግሮች ይዘዋል።

እናትየዋ ቁልቁል አዩኝና በዚያ በተቆራረጠ ትንፋሽ «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ፣ እማማ።»

ለምን እንዲህ አልኩ? «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ እናሳርፈው» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ማሩን ለመላስ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ያ ግማሽ ደቂቃ ግን የእሳቸው ትንፋሽ ነው። ብጥላቸውስ ኖሮ? እዚህ ላይ ስደርስ ሐሳቤ ይቆማል።

አምቡላንሱ ውስጥ ኦክስጅናቸውን ከፈትኩላቸው፣ ማሩን ዋጥኩ፣ ጣቴን ወግቼ የደሜን ስኳር ለካሁ። 54፤ ከሚገባው በታች። 15 ግራም ስኳር፣ 15 ደቂቃ ጥበቃ፣ ከዚያ እንደገና መለካት። ያን 15 ደቂቃ እማማ እጄን ይዘው አልለቀቁኝም።

ባለፈው የመኪና አደጋ ላይ ደግሞ ምንም ሳልቀምስ ስኳሬ 280 ገብቶ ነበር። ድንጋጤው ያወጣዋል፣ ሸክሙ ያወርደዋል፤ አንዳንዴም ከሥራ ተመልሼ ከተኛሁ በኋላ። ለስኳሬ ብለሽ የሽፈራው ቅጠል ከአዳማ የላክሽልኝ እህቴ፣ ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ መርፌዬን ግን አልተውም። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ ነው፣ ለ14 ዓመት ልጅ። ከዚያ በፊት ተወልጄ ቢሆን ኖሮ ወንበር መሸከሙ ቀርቶ... ተዉት።

ጋሼ «ለአለቃ ንገሪ» ይለኛል። እውነቱን ነው። ብነግር መዝገብ ቤት ያስቀምጡኛል ብዬ እፈራለሁ። ምናልባት አያስቀምጡኝም። ምናልባትም ማስቀመጣቸው ልክ ይሆናል፤ አላውቅም። ይህን ሥራ እወደዋለሁ።

እማማ ተሽሏቸው ቤታቸው ገብተዋል አሉ። ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው እያሰብኩ ነው። ያንን ደረጃ ወጥቼ፣ በሩን አንኳኩቼ፣ «ያን ዕለት ዋሽቼዎታለሁ» ልበላቸው? ወይስ...